«ጥንቸል»፣ «ጎሬ» እና «ፌሬት»፤ በአንድ ረቂቅ የአደን ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። የሙያ ቃላትን የሚያዘጋጅ ሰው ግን መልአኩን ቁጭ ብሎ የመጠበቅ ዕድል የለውም፤ ዛሬ የቀረበለትን ጽሑፍ ዛሬ መተርጎም፣ ላላየው እንስሳና ላልያዘው መሣሪያ ስም መፈለግ ግዴታው ነው። በቅርቡ ለአስተያየት በእጃችን የገባው ረቂቅም የዚሁ ግዴታ ፍሬ ነው። ረቂቁ በብሪታንያ ገጠር የተለመደውን የጥንቸል አደን፣ በተለይም ጥንቸልን ከመሬት ውስጥ መኖሪያዋ ለማስወጣት ትናንሽ ውሾችን ወይም «ፌሬት» የተባለችውን እንስሳ ስለ መምረጥ የሚናገር አጭር መምሪያና በመጨረሻው የተያያዘ የቃላት ዝርዝር ነው። የአዘጋጁን ስም አንጠቅስም፤ የምንመረምረው ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይደለምና።

«ይህ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእርግጥ በአገራችን የኦሪቱን ሥርዓት የሚጠብቅ ብዙ ሰው ጥንቸል አይበላም፤ በፌሬት ማደንም ልማዳችን አይደለም። ነገር ግን ረቂቁን የመረመርነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እንስሳውም፣ መኖሪያውም፣ አዳኙም፣ ድርጊቱም በአንድነት ባዕድ በሆኑበት ጽሑፍ ውስጥ የአተረጓጎም ልማዳችን ያለ መሸፈኛ ይታያል። ሁለተኛ፣ አማርኛ ተናጋሪዎች ዛሬ በብሪታንያም ይኖራሉ፤ ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ በዚያ አገር የሁለት እንስሳት ስም መደባለቅ ከሰዋስው ስሕተት አልፎ ሰውን ከሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

2. አንድ ስም፣ ሁለት እንስሳ

ረቂቁ እንግሊዝኛው በሁለት ስም የሚለያቸውን ሁለት እንስሳት «ጥንቸል» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፋል። ጥፋቱ የአዘጋጁ ብቻ አይደለም፤ የዕለት ንግግራችንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በአገራችን ሜዳና ቍጥቋጦ የሚኖሩት ጥንቸሎች፣ የደጋውን «ሌፑስ ስታርኪ» እና «ሌፑስ ሀበሲኒከስ» የሚባለውን ጨምሮ፣ የአንድ ወገን እንስሳት ናቸው። የዚህ ወገን ጥንቸል በጎሬ አትኖርም። በሣር መካከል በገላዋ ልክ ባበጀችው ስርጉድ ተለጥፋ ትውላለች፤ አደጋ ሲመጣ መዳኛዋ እግሯ ነው። ልጆቿም ጠጕር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ።

ሌላይቱ፣ በሳይንስ ስሟ «ኦሪክቶላገስ ኩኒኩለስ» የምትባለው፣ የትውልድ አገሯ የኢቤሪያ ልሳነ ምድርና ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነው። ይህቺ መሬት ቆፍራ በማኅበር ትኖራለች፤ አደጋ ሲመጣ ወደ ውስጥ ትገባለች እንጂ ሜዳ ለሜዳ ብዙ አትሮጥም። ልጆቿ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ይወለዳሉ። የእርግዝናዋ ጊዜ ወደ 31 ቀን ሲሆን፣ የአውሮፓይቱ የሜዳ ጥንቸል ግን ወደ 42 ቀን ታረግዛለች። የመጀመሪያይቱ ወገን 48 ክሮሞሶም ሲኖራት ሁለተኛይቱ 44 አላት። እንግዲህ ሁለቱ የአንድ ዘር ታላቅና ታናሽ አይደሉም፤ ዘራቸውም ኑሯቸውም የተለያየ ነው።

የረቂቁ አንባቢ «ጥንቸልን ከጉድጓዷ ለማስወጣት» የሚለውን ሲያነብ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት የአገሩ ጥንቸል ነው። እርሷ ደግሞ ጉድጓድ የላትም። ስለዚህ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ለእውነት የማይመስል ነገር ይሆንበታል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳት ግን የሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የአደን ሕግ የዱር አጥቢ እንስሳትን በውሻ ማደን ይከለክላል። ከተከለከሉት ውጭ ካደረጋቸው ጥቂት ጉዳዮች መካከል አንዱ፣ ባለመሬቱ በፈቀደበት ቦታ ጎሬ ቆፋሪይቱን ጥንቸል በውሻ ማደን ነው። የሜዳይቱን ጥንቸል በስሟ ጠቅሶ የፈቀደው ግን በጥይት ከተመታች በኋላ በውሻ ማስነሣትን ነው። በረቂቁ አማርኛ ብቻ የሚመራ ሰው፣ የተፈቀደውን ሠራሁ ብሎ የተከለከለውን ሊሠራ ይችላል። አንድ የቃላት ዝርዝር አንባቢውን ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ከሆነ፣ የዝርዝሩ አለመኖር ይሻል ነበር።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በአገራችን በቤት የሚረባው ጥንቸል የሁለተኛይቱ ወገን ዘር ሲሆን፣ «የቤት ጥንቸል» የሚለው አጠራር ለጆሮ እንግዳ አይደለም። የእርሱ የዱር ዘመድ «የጎሬ ጥንቸል»፣ የእኛይቱና መሰሎቿ ደግሞ ልዩነቱ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ «የሜዳ ጥንቸል» ቢባሉ፣ ስሙ ራሱ የኑሮውን ጠባይ ይናገራል።

3. ከቀደሙ ተርጓሚዎች የምንማረው

ላላዩት እንስሳ የሚያውቁትን ስም መስጠት የሁሉም ሕዝብ ፈተና ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 11፥5 የተጠቀሰውን፣ በዐለት መካከል የሚኖረውን ትንሽ እንስሳ፣ የእኛ ተርጓሚዎች «ሽኮኮ» ብለውታል፤ ግእዙም «ግሔ» የሚል ስም ነበረው። እንስሳው በአገራቸው ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያዩታልና አልተቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አዘጋጆች ግን ሽኮኮን አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ በዘመኑ የጎሬ ጥንቸል ይጠራበት የነበረውን ስም ሰጡት። የማርቲን ሉተር የጀርመንኛ ትርጉምም እንዲሁ አድርጓል። በዚሁ የ1611 ትርጉም፣ ዛሬ ሊቃውንት የእንሽላሊት ወገን ነው በሚሉት በ11፥30 እንስሳ ቦታ፣ ፌሬት ተጠቅሳ እናገኛታለን።

ይህ ስሕተት ለመታረም ብዙ ዘመን ወስዶበታል። በሰፊው ከሚነበቡት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አንዱ የድሮውን የጥንቸል ስም እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይለውጥ አትሞ፣ በ2011 እትሙ ነው ወደ ሽኮኮ የመለሰው። ከ1611 እስከዚያ የተቆጠረው 400 ዓመት ነው። አንድ ጊዜ በጽሑፍ የገባ የተሳሳተ ስም ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም። እነርሱ የእኛን ሽኮኮ ጥንቸል እንዳሉት፣ እኛ ደግሞ በተራችን የእነርሱን ፌሬት ሌላ እንዳንላት መጠንቀቅ ይገባናል።

4. «ጉድጓድ» እና «ጎሬ»

ረቂቁ የጥንቸሏን መኖሪያ በሙሉ «ጉድጓድ» ይለዋል። ጉድጓድ ሰው ለውኃ፣ ለእህል ወይም ለመቃብር የሚቆፍረውም ነው፤ አፉም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አውሬ የሚኖርበትን የሚያመለክት «ጎሬ»፣ በአንዳንድ ሰው አነጋገር «ጉሬ»፣ የሚል ቃል እያለን መተዉ አልታየንም።

ይሁንና «ጎሬ» ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝኛው አንዲቱን ቀዳዳ በአንድ ስም፣ ብዙ አፍ ኖሮት ከውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘውን ሰፊ መኖሪያ በሌላ ስም ይጠራል። ለአዳኙ ልዩነቱ የሥራው መሠረት ነው። በእያንዳንዱ አፍ ላይ ከረጢት መሰል መረብ ይዘረጋል፤ ጥንቸሏ ስትወጣ መረቡ በራሱ ይቋጠራል። አንድ አፍ በሣር ተሸፍኖ ሳይታይ ከቀረ ጥንቸሏ የምትወጣው በዚያው ነው። «ጉድጓዱን በመረብ ሸፍን» የሚለው የረቂቁ ትእዛዝ አንባቢውን አንድ መረብ ብቻ ይዞ እንዲሄድ ያደርገዋል። ስለዚህ ለአንዲቱ «ጎሬ»፣ ለተያያዘው መኖሪያ «የጎሬ መንደር»፣ ለመረቡም «ከረጢት መረብ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። አማርኛው «መንደር» ሲል ብዙ ደጅና ብዙ መውጫ ያለው ሰፈር ማለቱ ነውና ቃሉ ነገሩን ይሸከመዋል።

5. ትንሽነት በምን ይለካል?

ረቂቁ ስለ ውሻ በሚናገርበት ክፍል «ትንሽ ውሻ» እና «ቡችላ» እየተፈራረቁ ይገኛሉ። ቡችላ የውሻ ልጅ ነው፤ አድጎ ትልቅ ውሻ ይሆናል። እዚህ የተፈለገው ግን በዕድሜው የጠና፣ በገላው ግን ያነሰ ዝርያ ነው። ልምድ የሌለውን ቡችላ ወደ ጎሬ መላክ መምሪያው ከሚመክረው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን «ያነሰ» ሲባል የምኑ ማነስ ነው የሚለው ነው። «ቴሪየር» የሚለው የእንግሊዞች የውሻ ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «መሬት» ነው፤ በፈረንሳይኛ ቃሉ ዛሬም ጎሬ ማለት ነው። እንግዲህ ቴሪየር ማለት የጎሬ ውሻ ነው፤ ስሙ ስለ ቁመቱ ምንም አይናገርም። ከእነዚህ ውሾች አንዱ የሆነውና በዴቨኑ ቄስ በጆን ራስል (1795–1883 እ.ኤ.አ.) ስም የሚጠራው ዝርያ ሲመዘን፣ መርማሪው ከትከሻው በስተኋላ ደረቱን በሁለት እጁ ይታቀፈዋል፤ ጣቶቹ ከተገናኙ ውሻው ልኩን ጠበቀ ይባላል። ጀርመኖች ከአጭር እግሩ ውሻቸው ከዳክስሁንድ የለዩት፣ በስሙም «የጥንቸል» የተባለው እጅግ አነስተኛ ዝርያ፣ ለረጅም ዘመን መለያው የደረቱ ዙሪያ ከ30 ሳንቲሜትር አለማለፉ ነበር። ቁመትም ክብደትም አይደለም፤ ደረት ነው። እግሩ አጭር ሆኖ ደረቱ ሰፊ የሆነ ውሻ በጎሬ አፍ ላይ ይቀራል፤ ከከፋም ውስጥ ይጣበቃል።

አማርኛ ለዚህ ድሃ አይደለም። «ደረተ ጠባብ ውሻ» ብንል ማንም አዳኝ ይገባዋል፤ የሚለካውንም ያውቃል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የጎሬ ጥንቸል መተላለፊያ ለብዙዎቹ ቴሪየሮች እንኳ ይጠባቸዋል። ስለዚህ በብሪታንያ ልማድ የውሻው ዋና ሥራ ከመሬት በላይ ነው፤ ጥንቸሏን ከእሾህና ከቍጥቋጦ ማስነሣት፣ እንዲሁም የትኛው ጎሬ ባለቤት እንዳለውና የትኛው ባዶ እንደሆነ አሽትቶ መለየት። ከመሬት በታች ያለው ሥራ የፌሬት ነው። ረቂቁ ግን «ውሻ ወይም ፌሬት» የሚለውን እንደ ሁለት እኩል አማራጭ አድርጎ፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ እንደሚገቡ አስመስሎ ተርጉሞታል። ምርጫው የሁለት ሠራተኞች ሳይሆን የሁለት ሥራዎች መሆኑ ጠፍቷል። በጎሬው አፍ ቆሞ ጥንቸል መኖሯን የሚያሳየውን ውሻ «ጠቋሚ ውሻ» ብንለው ይስማማናል። ቃሉ ለአንዳንዶቻችን ሌላ ዘመንና ሌላ ትዝታ ቢቀሰቅስም፣ ለውሻ ሲሆን ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይሆንም።

6. የፌሬት ስም

ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ረቂቁ በጽሑፉ ውስጥ «ሙጭልጭላ»፣ በዝርዝሩ ውስጥ «ጥርኝ» ይላል። በአንድ ሥራ ውስጥ ለአንድ ነገር ሁለት ስም መስጠት በራሱ ጥፋት ቢሆንም፣ ሁለቱም ስሞች የማይሆኑበት ምክንያት ስላላቸው በየተራ እንያቸው።

ጥርኝ ዝባዱ የሚወጣ፣ በአገራችን ገበሬዎች ለዚሁ ሲባል በበረት ተይዞ የሚጠበቅ እንስሳ ነው። ክብደቱ ከ7 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እንስት ፌሬት ግን አንድ ኪሎ እንኳ ብዙ ጊዜ አትሞላም። ጥርኝን ወደ ጥንቸል ጎሬ ማስገባት በሬን በመርፌ ቀዳዳ እንደ ማሳለፍ ነው። ይሁን እንጂ አዘጋጁን አብዝተን አንወቅሰውም። ሮማዊው ፕሊኒ በባሌአር ደሴቶች ጥንቸል ለማደን ትፈለግ የነበረችውን እንስሳ «ዊዌራ» ይላታል፤ ብዙዎች ይህቺ ፌሬት ናት ይላሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሊኔየስ ያንኑ ስም አንሥቶ ለጥርኝ ወገን ሰጠው፤ ፌሬትን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1758 «ሙስቴላ ፉሮ» አላት። የረቂቁ አዘጋጅ የተሰናከለበት ድንጋይ የአውሮፓ ሊቃውንትም ያለፉበት መንገድ ላይ የነበረ ነው።

«ሙጭልጭላ» የተሻለ ይመስላል። ገላው ረዘም ያለ፣ ቀልጣፋ ትንሽ አውሬን ያስታውሳል፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችንም በዘሌዋውያን 11፥29 ይገኛል። ችግሩ ግን ይኸው መመሳሰሉ ነው። ሙጭልጭላ በአገራችን ያለ የዱር እንስሳ ስም ሲሆን፣ የፌሬት ወገን የሆነው «ሙስቴላ» ግን ከዱር እንስሶቻችን መካከል የለም። በተጨማሪም ፌሬት የዱር አይደለችም፤ ከአውሮፓ የዱር ዘመዷ ተላምዳ በሰው እጅ የኖረች የቤት እንስሳ ናት። የግሪኩ ጸሐፊ ስትራቦን ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከሊቢያ የመጡ እንዲህ ያሉ እንስሳት አፋቸው እየታሰረ በኢቤሪያ ወደ ጥንቸል ጎሬ ይለቀቁ እንደነበር ጽፏል። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር የኖረችን እንስሳ በዱር አውሬ ስም መጥራት ግማሽ ታሪኳን መንጠቅ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ኒው ዚላንዶች ከውጭ የገባ ጥንቸል ቢያስቸግራቸው፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ፌሬትንና ዘመዶቿን አስመጥተው ለቀቁባቸው። ፌሬቶቹ ግን ጥንቸሉን ብቻ በልተው አልቆሙም፤ ከመሬት ላይ የሚኖሩትን የአገሩን ብርቅ ወፎች ፈጁ። በ2002 እ.ኤ.አ. ፌሬትን መሸጥና ማርባት በዚያ አገር ተከልክሏል። እንግዲህ «ፌሬት ማለት ሙጭልጭላ ናት» ብለን ለተማሪውና ለግብርና ሠራተኛው ብንነግረው፣ ነገ አንድ ሰው አይጥ ታጥፋልኝ ብሎ ሊያስገባት ሲነሣ «ምን አዲስ ነገር አለ፣ በአገራችን ያለች አይደለችምን?» ማለቱ አይቀርም። የአገር ስም መስጠት የአገር ልጅነት መስጠት ነው። ባዕድነቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ለሆነ ነገር ባዕድ ስም ይገባዋል።

ስለዚህ የውጭ ቃል መዋስን እንደ መሸነፍ የሚቆጥሩትን ወገኖች ብናከብርም፣ እዚህ ላይ አንስማማም። «ፌሬት» ተብላ ትግባ፤ በመዝገበ ቃላቱም «ጥንቸልን ከጎሬ ለማስወጣት የምትረባ፣ የአውሮፓ ተወላጅ የሆነች ትንሽ ሥጋ በል የቤት እንስሳ» ተብላ ትፈታ። የቃሉ ሥር በላቲን «ሌባ» ከሚለው ጋር የተያያዘ መሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል፤ ሹልክ ብላ የሰው ቤት የምትገባ ናትና።

ለወንዱ፣ ለሴቲቱና ለልጁ እንግሊዝኛው ያሉትን ሦስት ልዩ ስሞች መዋስ ግን አያስፈልግም። «አውራ ፌሬት»፣ «እንስት ፌሬት»፣ «የፌሬት ግልገል» ይበቃሉ። ረቂቁ ጾታውን ፈጽሞ በመተዉ የምርጫውን እምብርት አጥፍቷል። እንስቲቱ ቀጭን ስለሆነች መረቡን ሳታናጋ ታልፋለች፤ አውራው ግን ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ይችላልና መረቡን ይዞ ይወጣል፤ ጥንቸሏንም በጎሬ ጥግ አጣብቆ ሊገድላት ይችላል። ፌሬት እንዲህ ገድላ፣ በልታና ጠግባ እዚያው ስትተኛ፣ አዳኙ ሰዓታት ይጠብቃል ወይም መሬት ይቆፍራል። ቀድሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠንካራ አውራ በገመድ ታስሮ ይላክ ነበር፤ ዛሬ አንገቷ ላይ የሚታሰር የሬዲዮ መሣሪያ ያለችበትን ያሳያል። ነጯ ፌሬት በቍጥቋጦ መካከል ቶሎ ስለምትታይ የሚመርጧት አሉ። ይህ ሁሉ በረቂቁ ውስጥ «ጥሩ ሙጭልጭላ ምረጥ» በሚል አንድ ሐረግ ተደፍኗል።

7. «ማባረር» እና «ማስበርገግ»

በመጨረሻ ስለ ግሡ እንናገር። ረቂቁ ፌሬቷም ጥንቸሏን «ታባርራለች»፣ ውሻውም «ያባርራል» ይላል። ማባረር ከኋላ እየሮጡ መከተል ነው፤ ወይም ከሥራና ከቤት ማስወጣት። ፌሬት ግን ጠረኗና ኮቴዋ ይበቃል፤ ጥንቸሏ ደንብራ በራሷ ትወጣለች። ጥንቸል እያሳደደ መልሶ ወደ ጎሬዋ የሚያስገባ ውሻም የአደኑ አበላሽ ነው፤ የተመሰገነው ውሻ ዝም ብሎ የሚቆመው ነው።

ገበሬው በቅሎ ስትደነግጥ «በረገገች» ይላል፤ ከእጅ ያመለጠውን ደግሞ «ተፈተለከ»። እንግዲህ ፌሬቷ ታስበረግጋለች፤ ጥንቸሏ ትፈተለካለች። አድራጊና ተደራጊ እንዲህ ሲለዩ፣ ዐረፍተ ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይቆማል። ሁለቱም ቃላት ከበረት አጠገብ የተገኙ ናቸው፤ ከባዕድ መዝገበ ቃላት ልንፈልጋቸው አላስፈለገንም።

8. መደምደሚያ

በረቂቁ ላይ የሰነዘርነው ነቀፌታ ብዙ ቢመስልም፣ የሥራውን ዋጋ አንዘነጋም። አዘጋጁ ማንም ያልነካውን መስክ ነክቷል፤ ዐረፍተ ነገሮቹም ንጹሕ አማርኛ ናቸው። ጉድለቱ የቋንቋ እውቀት ማነስ አይደለም፤ ነገሩን ሳያዩ ቃሉን መተርጎም ነው። ጎሬውን፣ መረቡንና ደረቱን በዓይነ ኅሊናው ቢመለከት ኖሮ ቃላቱ ራሳቸው ይመጡለት ነበር።

ያቀረብነውን ባጭሩ እንሰብስበው። ለባዕዱ እንስሳ ባዕድ ስሙን እንተውለት፤ ፌሬት ፌሬት ትባል። ለሁለቱ ጥንቸሎች የየኑሯቸውን መለያ እንስጣቸው፤ የጎሬ ጥንቸልና የሜዳ ጥንቸል። ለመኖሪያውና ለድርጊቱ ግን ያለንን እንጠቀም፤ ጎሬ፣ የጎሬ መንደር፣ ከረጢት መረብ፣ ደረተ ጠባብ ውሻ፣ ጠቋሚ ውሻ፣ ማስበርገግ፣ መፈትለክ። ከእነዚህ የተሻለ ቃል በገጠሩ አነጋገር የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር እንዲነግረን እንለምናለን። ስም የሚያወጣው መልአክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከብት ጠባቂው ዘንድ ነውና።